የእሳት አደጋ መኪናዋ የት ትደር?

ተረት ልጀምር ነው፤ በሩን ዝጉ፣ ጆሮ ክፈቱ። ይሄ ተረት ሰንሰለት ነው፤ ቀለበቱ በበዛ ቁጥር አብራችሁኝ ትላላችሁ። ዝም ብሎ ለመስማትማ ሬዲዮ አለላችሁ።

አንዲት ከተማ ነበረች። ስሟን ብነግራችሁ የአገሬው ሰው ይቀየመኛል፣ ስለዚህ ይቅር። በዚያች ከተማ ትርንጎ የምትባል ፍራሽ ሰፊ ነበረች። ቤቷ ከወለል እስከ ጣራ ጥጥ ነው። ከጥጡ ጀርባ እናቷ እማማ የውብዳር ተኝተዋል፤ እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል። አምና እሳት ተነሳ። ጎረቤት ተረባርቦ አሮጊቷን ከነሰሌናቸው ጎትቶ አወጣ። የእሳት አደጋ መኪናዋ ግን ከወንዝ ማዶ ተነስታ፣ ጠባቡ ድልድይ ላይ ከጋሪና ከአህያ ጋር ተጋፍታ እስክትደርስ ቤቱ አመድ ሆኖ ነበር። ትርንጎ ቤቷን መልሳ ሠራች፤ እንቅልፏ ግን አልተመለሰም። ዓይኗ ተከደነ ሲሉት ጭስ ይሸታታል፤ ብድግ ብላ የእናቷን አልጋ ትዳብሳለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተኝቶ ማደር። እስቲ ይሄ ምን ትልቅ ነገር ሆነና?

መኪናዋ እዚሁ አቅራቢያ ካላደረች ግን እንቅልፍ የለም። ስለዚህ ነጠላዋን ደርባ ወደ እሳት አደጋው አለቃ ወደ አቶ እንግዳሸት ሄደች። ትርንጎ "ዝም አይነቅዝም" እየተባለች ያደገች ሴት ናት፤ የራሷን ችግር አፍ አውጥታ መናገር ሞቷ ነው።

"አዲስ ጣቢያ ሊሠራ ነው ሲሉ ሰማሁ" አለች። "ለከተማው ጥሩ ነው ብዬ ነው።"

"ጥሩ ነው እንጂ፣ ወይዘሮ ትርንጎ" አሉ አቶ እንግዳሸት። "መኪናው አለ፣ ሰውም አለ፤ ያጣነው ቦታ ነው። ከላይ እንዳንሠራ ዳገት ነው፣ ውኃ አይወጣም። ከታች እንዳንሠራ ወንዙ ሲሞላ ይወስደናል። ደህናው ቦታ አራት መንገዱ ነው፤ ወደ የትኛውም ሰፈር ቶሎ ያደርሳል። እዚያ ደግሞ ሸክላ ሻጮቹ ተቀምጠዋል። ወደው ካልተነሱ እኔ አልገባም። ሰው አፈናቅዬ እሳት አላጠፋም።"

እንግዲህ ያዙ። ሸክላ ተራው ካልተነሳ መኪናዋ አትመጣም፣ መኪናዋ ካልመጣች ትርንጎ አትተኛም።

ትርንጎ ወደ ሸክላ ተራ ሄደች። የሸክላ ሻጮቹ ታላቅ እትዬ አስካለ እንስራ በጣቷ እያንኳኳች ድምፁን ታዳምጣለች፤ የተሰነጠቀ እንስራ ድምፁ ያሳብቅበታል።

"እትዬ አስካለ፣ ለከተማው ተብሎ ከዚህ ብትነሱ?"

"ለከተማው?" አለች አስካለ። "ከተማው መቼ ድስት ገዝቶኝ ያውቃል? መነሳቱንስ እንነሳ፤ የት እንቀመጥ? የቀረው ቦታ የበግ ተራው ጥግ ነው። አንድ ሙክት ቢደነብር ድካሜ ሁሉ ገል ሆኖ ይቀራል። በግ ተራው ጠጋ ይበልልን፣ እንነሳለን።"

በሉ። በግ ተራው ካልተጠጋ ሸክላ ተራው አይነሳም፣ ሸክላ ተራው ካልተነሳ መኪናዋ አትመጣም፣ መኪናዋ ካልመጣች ትርንጎ አትተኛም።

ትርንጎ ወደ በግ ተራ ሄደች። ነጋዴው ገረመው የበግ ወገብ እየዳበሰ ከገዢ ጋር ይከራከራል። እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው። ይሉኝታዋ እኮ በግ ሻጭም አያቋርጥም።

"ለከተማው ተብሎ ትንሽ ብትጠጉ?" አለችው።

"እኔ ምን ቸገረኝ፣ በግ እንደሁ እግር አለው" አለ ገረመው። "ግን የምጠጋበት ላይ የእድሩ ድንኳን ቆሟል። ለቅሶ ድንኳን ሥር በግ አስሬ 'ና ግዛኝ' ብል ሰው ምን ይለኛል? እድሩ ድንኳኑን ይንቀል፣ እጠጋለሁ።"

እድሩ ካልነቀለ በግ ተራው አይጠጋም፣ በግ ተራው ካልተጠጋ ሸክላ ተራው አይነሳም፣ ሸክላ ተራው ካልተነሳ መኪናዋ አትመጣም፣ መኪናዋ ካልመጣች ትርንጎ አትተኛም። ከኋላ ያላችሁት ድምፃችሁ አልተሰማኝም።

ትርንጎ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ባሻ ውብሸት ሄደች። ድንኳኑ ያለፈው ለቅሶ ካበቃ ወዲህ ባዶውን ቆሞ ነፋስ ይመታዋል። በዚያች ከተማ የእድር ድንኳን በጎልማሳ ክንድ ይተከላል፣ በሽማግሌ ምርቃት ይነቀላል። "ዳግመኛ ለክፉ አያስተክላችሁ" ሳይባል ካስማ የነቀለ ሰው ሐዘኑን ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል ይባላል።

"የሚመርቁት አባባ ጓንጉል ናቸው" አሉ ባሻ ውብሸት። "ለቅሶው ሲያበቃ ታመው ነበር። ከዚያ ወዲያ 'ተነስተው ይመርቁ' ብሎ ማን ደፍሮ ይጠይቃቸው? እኔ ልጃቸው ማለት ነኝ፣ አፈርኩ። አንቺ ጠይቂልኝ። እሳቸው ይመርቁ እንጂ ካስማውን ራሴ እነቅላለሁ።"

ሽማግሌው ካልመረቁ እድሩ አይነቅልም፣ እድሩ ካልነቀለ በግ ተራው አይጠጋም፣ በግ ተራው ካልተጠጋ ሸክላ ተራው አይነሳም፣ ሸክላ ተራው ካልተነሳ መኪናዋ አትመጣም፣ መኪናዋ ካልመጣች ትርንጎ አትተኛም። እኔማ ትንፋሽ አጠረኝ።

ትርንጎ ወደ አባባ ጓንጉል ሄደች። ሽማግሌው ድነዋል፤ ከግድግዳቸው ሥር ቁጭ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጉልበታቸውን ሳመችና፣ "አባባ፣ ድንኳኑ እንዲነቀል ቢመርቁልን" አለች። "ለከተማው ነው።"

"ከተማው የማን ልጅ ነው?" አሉ አባባ ጓንጉል።

ትርንጎ ቀና ብላ አየቻቸው።

"ምርቃት የሚያርፈው ሰው ላይ ነው፣ ልጄ። ድንኳን ሳስነቅል ሁልጊዜ ሐዘንተኛውን ፊቴ አስቀምጬ፣ ዓይኑን አይቼ ነው። ለሁሉም ነው የሚሉት ነገር ባለቤት የለውም። ባለጉዳዩ ይምጣና 'ለእኔ ነው' ይበል፤ ያን ጊዜ እመርቃለሁ።"

አሁን ረጅሙ መጣ፣ አየር ሳቡ። ባለጉዳይ ካልተናገረ ሽማግሌው አይመርቁም፣ ሽማግሌው ካልመረቁ እድሩ አይነቅልም፣ እድሩ ካልነቀለ በግ ተራው አይጠጋም፣ በግ ተራው ካልተጠጋ ሸክላ ተራው አይነሳም፣ ሸክላ ተራው ካልተነሳ መኪናዋ አትመጣም፣ መኪናዋ ካልመጣች ትርንጎ አትተኛም።

ታዲያ ትርንጎ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ባለጉዳይ ልትፈልግ ተነሳች። ወይ ጉድ! እናንተም ትስቃላችሁ፣ እኔም ስቄያለሁ፤ ግን ይሉኝታ የያዘው ሰው ራሱን ከሰው አይቆጥርም።

"ነይ ተመለሽ" አሏት አባባ ጓንጉል። "ዓይንሽ ቀልቷል። እንቅልፍ አጥተሻል እንዴ?"

"ደህና ነኝ አባባ።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።"

ትርንጎ መሬት ላይ ተቀመጠች። የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልልና ስትፈታ ቆየች።

"ለእኔ ነው" አለች በመጨረሻ። "እናቴ ከአልጋ አትነሳም፣ ቤቴ ጥጥ ነው። አምና ሰው ጎትቶ ሲያወጣት ፀጉሯ ነዶ ነበር። እኔ ገበያ ነበርኩ፤ ስጠራሽ አጣሁሽ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እፈራለሁ አባባ። ተኝቼ እንዳላጣት እፈራለሁ። መኪናዋ አጠገቤ ትደርልኝ።"

ይሄን ብላ አለቀሰች። ከዚያ ሽማግሌው ትከሻዋን ተደግፈው ተነሱና ወደ ድንኳኑ ሄዱ። ባሻ ውብሸት መጡ፣ ገረመው መጣ፣ አስካለም እጇን እየጠረገች መጣች። አባባ ጓንጉል ትርንጎን ከፊታቸው አቆሟትና መረቁ።

"ዳግመኛ ለክፉ አያስተክላችሁ። የዚህችን ልጅ ዓይን እንቅልፍ ይጎብኘው። እናቷን እሳት አይይብን።"

"አሜን" አሉ ሁሉም።

"ለትርንጎ ነው እንዴ?" አለች አስካለ። "እኔ ለማዘጋጃ ቤቱ መስሎኝ። ምነው አንቺ፣ ያን ዕለት ብትነግሪኝ በጀርባዬም ተሸክሜ እነሳ ነበር።"

ባለጉዳይ ስትናገር ሽማግሌው መረቁ፣ ሽማግሌው ሲመርቁ እድሩ ነቀለ፣ እድሩ ሲነቅል በግ ተራው ተጠጋ፣ በግ ተራው ሲጠጋ ሸክላ ተራው ተነሳ። ሸክላ ተራው ሲነሳ አራት መንገዱ ላይ ጣቢያ ተሠራ፣ ግድግዳውም ሳይደርቅ መኪናዋ ድልድዩን ተሻግራ መጣች።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ፍራሽ ያዘዘ ሰው ትርንጎ ቤት መጣ። በሩ ዝግ ነው። አንኳኳ፤ መልስ የለም። ደግሞ ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ ከጥጡ ጀርባ የእማማ የውብዳር ድምፅ መጣ።

"ኧረ ቀስ በሉ" አሉ። "ልጄ ተኝታለች።"

ተረቴ አለቀ። ምድጃችሁ ይሙቅ እንጂ ጣራችሁ አይሙቅ።