እንግዳውን ሊሸኝ የወጣው አፈር

ተረት ተረት፣ የተዳፋት አናት።

በአንድ ተዳፋት ላይ የሚኖሩ አውሬዎች ነበሩ። አለቃቸው ዝንጀሮ ነበር። አንድ ክረምት ካፊያ መጣና ድምፁን ሳያሰማ ሦስት ቀን ሙሉ አፈሩን ሲያረሰርስ ሰነበተ።

«ይሄም ዝናብ ተብሎ ነው?» አለ ዝንጀሮ። «ትልቅ እንግዳ ገና ከሩቁ ይሰማል።»

በአራተኛው ቀን ዶፍ ነጎድጓዱን አስቀድሞ ላከ። ዝንጀሮ ደስ ብሎት፣ እንግዳው እንዳይደናቀፍ ብሎ የእርከኑን ድንጋይ በሙሉ አስነሳ።

አፈር ውስጥ የሚኖረው ፍልፈል፣ «ጌታዬ፣ ይሄ እንግዳ ጥድፊያ ይወዳል፤ ትንሽ ቢደናቀፍ ይሻለን ነበር» አለ።

«ጉድጓድ ውስጥ ያደገ ስለ እንግዳ ክብር ምን ያውቃል» አለው ዝንጀሮ።

ዶፉ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ቁልቁል ወርዶ ሄደ። ሲያባራ ተዳፋቱ ላይ የቀረው ቋጥኝ ብቻ ነበር።

«አፈራችን የት ሄደ?» አለ ፍልፈል፣ የሚገባበት አጥቶ።

ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዳውን ሊሸኝ ወርዷል። ጨዋ አፈር ነው፤ ወንዙ ድረስ አድርሶት ይመለሳል።»

አውሬዎቹም አመኑት። ይኸው ስንት ክረምት አለፈ፣ ቋጥኙ ላይ ተደርድረው ቁልቁል እያዩ ይጠብቁታል። ካፊያ ዘንድሮም መጥቶ ነበር፤ የሚያረሰርሰው አጥቶ ተመለሰ።