ሳይታጠብ የተዘጋ ጥርስ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ላቀው ይባላል። መቀሱ አጠገቡ ተቀምጦ ክር በጥርሱ የሚበጥስ፣ ቢመክሩት የማይሰማ ሰው ነው። ሱቁ ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና አለ። አንዱ የእሱ ነው። ሌላው የታናሽ ወንድሙ የምትኩ ነበር፤ ይኸው ሰባት ዓመት በጨርቅ እንደተሸፈነ ነው። ላቀው በየጠዋቱ አቧራውን ይጠርጋል፣ ዘይት ያጠጣዋል፣ መልሶ ይሸፍነዋል። አንዳንዴ ሥራ ላይ እያለ ይዘነጋና "ምትኩ፣ እስቲ ይህን እጅጌ እየው" ብሎ ዞር ይላል። ወንድሙ በጣም ናፍቆታል።

የተጣሉት በአንድ ቁራጭ ሱፍ ነው። ሱፉ ሲጠፋ ላቀው በደንበኞች ፊት "ከአንተ ሌላ ማን ይወስደዋል?" አለው። ሽማግሌ ገባ። ሽማግሌዎቹ ደጎች ነበሩ፤ ግን ቸኮሉ። "ያለፈው አልፏል፣ አይነሳ። በሉ ይቅር ለእግዜር ተባባሉ" አሏቸው። ተሳሳሙ፣ ተመረቁ፣ ድግሱም ተበላ። በሳምንቱ ምትኩ ዕቃውን ጠቅልሎ ሌላ ከተማ ገባ። ከዚያ ወዲያ በበዓል በበዓል ይደዋወላሉ፤ "ደህና ነህ?"፣ "እግዜር ይመስገን"፣ አለቀ። ሱፉስ? ከሁለት ወር በኋላ ከሳጥን ኋላ ወድቆ ተገኘ። ላቀው ግን "ከታረቅን ወዲያ ምን ያስነሳዋል" ብሎ ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈበት።

ታዲያ ያ ክር የሚበጥስበት ጥርሱ ታመመ። አንዱ ባለሙያ ቦርቡሮ በጥድፊያ ሞላለት። ወር ሳይሞላው ጉንጩ አበጠ፣ እንቅልፍ አጣ። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ረጋ ያለች ወጣት ሴት ናት። አደንዝዛ ሙሌቱን ስትከፍተው መግል ወጣ፤ ሽታው ላቀውን ራሱን አስጠላው። እሷ በቀጭን መርፌ በረኪና በረኪና የሚሸት ፈሳሽ ወደ ጥርሱ ሥር እየላከች ታጥባለች፣ በቀጭን ሽቦ ትፍቃለች፣ ደግሞ ታጥባለች።

"ልጄ፣ ሕመሙ ለቆኛል፤ በቃ ዝጊው" አላት።

"ጋሼ፣ ያኔም ተዘግቶ ነበር እኮ። ሥሩ ሳይታጠብ ስለተዘጋ ነው ውስጥ ለውስጥ የበላዎት።"

"ታዲያ ዛሬ አያልቅም?"

"አያልቅም። መድኃኒት አድርጌበት ለጊዜው እሸፍነዋለሁ። በሳምንቱ ይመለሱ፣ ደግመን እናጥበዋለን።"

ላቀው ጉንጩን ይዞ ሲመለስ ንግግሯ አልለቀቀውም። ሱቁ ገብቶ የተሸፈነውን መኪና አየና አለቀሰ። በማግስቱ ሱፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ምትኩ በሩን ከፍቶ ሲያየው ደነገጠ። ላቀው ሳይቀመጥ ሱፉን ዘረጋለት።

"ይኸው፣ ከሳጥን ኋላ ነበር። ስንት ዓመት እያወቅኩ ደበቅኩህ። በሰው ፊት ሌባ አደረግኩህ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ምትኩ ሱፉን ተቀብሎ መናገር ጀመረ። አንዴ ከጀመረ ግን አላቆመም፤ ደንበኞቹ እንዴት እንዳዩት፣ ሚስቱ ገበያ መውጣት እንዴት እንዳፈረች፣ አፉ "ይቅር" ሲል ሆዱ እንዴት እንደነደደ። ላቀው አንዱንም ሳይከራከር ሰማ። እያመመው ቻለው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምትኩ ደከመው።

"ገና አልጨረስኩም" አለ። "በሳምንቱ ተመለስ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር። ላቀው ግን ይህችን ቃል ከሐኪሟ ሰምቷታል፤ ምን ማለት እንደሆነች ያውቃታል። መንገዱን ሁሉ ደስ ብሎት እያነባ ሄደ። ሱቁ ሲደርስ የወንድሙን መኪና ገለጠው፤ መልሶም አልሸፈነው።

ወዳጆቼ፣ አባቶች "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ያሉት ወደው አይደለም። እኛ ዕርቅ ሲባል መክደን ይቀናናል፤ "አይነሳ" እንላለን። ሳይታጠብ የተዘጋ ነገር ግን ከላይ የዳነ መስሎ ከሥር ይበላል። መጀመሪያ ቢያምም ይታጠብ፣ መዝጋቱ በኋላ ይደርሳል። እናንተስ፣ ይቅር ተባብላችሁ እስከ ዛሬ የሚናፍቃችሁ ሰው አለ? ሳጥናችሁ ውስጥ ምን ቆልፋችኋል?