ላቫጆ ላይ የዋለችው ፔጆ

ከውርጌሳ እስከ መርሳ ባለው አገር በእንግድነት የሄደ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ደጃፍ ላይ ቆሞ ጫማውን ሊያራግፍ፣ ፊቱን ሊታጠብ፣ ኮቱን ሊያስተካክል ሲል ባለቤቶቹ እጁን ይዘው ወደ ውስጥ ይጎትቱታል። እየጎተቱም አንዲት አባባል ጣል ያደርጉበታል። የሌላ አገር ሰው "ወሎዬ እንግዳ ይወዳል" ብሎ ያልፋታል። እውነት ነው፣ እንወዳለን። አባባሏ ግን የመጣችው ከእንግዳ ፍቅር ሳይሆን ከመኪና እጥበት ነው። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ ሳቃቸውን ይጨርሱና ይስሙኝ።

ያኔ ከውርጌሳ መርሳ የሚመላለስ ሚኒባስ እነዳ ነበር። ሞባይል የሚባል ነገር ገና አልመጣም፤ የሰው መልእክት የሚጓዘው በእኛ በሹፌሮች አፍ ነው። መንገዱ ለጥገና ተቆፋፍሮ ስለነበር ከደሴ የመጣ ሰው ከመኪና ሲወርድ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል። በዚህ አቧራ ተጠቃሚው ደጉ የሚባል ሰው ብቻ ነበር። ደጉ ውርጌሳ ወንዙ ዳር ላቫጆ ነበረው።

ስለ ደጉ ሥራ ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ሌላው መኪና አጠብኩ የሚለው ባልዲ ውሃ ደፍቶ በቡትቶ አሽቶ ነው። ደጉ ግን አቧራው በውሃ ወርዶ ሳያልቅ ጨርቅ አያስነካም፤ "አቧራ ላይ ካሸኸው ቀለሙን በአሸዋ ፋቅከው ማለት ነው" ይላል። ከዚያ ሳሙና፣ ከዚያ ቸርኬው፣ ከዚያ ውስጡ። ወንበሩን በብሩሽ ይፈትጋል፣ ምንጣፉን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰቅላል፣ የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር በቀጭን እንጨት ጨርቅ ጠቅልሎ ይጠርጋል። በመጨረሻ ሰም ቀብቶ ሲወለውለው ዝንብ አታርፍበትም፣ ያንሸራትታታል። ዋጋው ታዲያ ቀላል አልነበረም። ከዋጋውም በላይ ጊዜ ይበላል። የቸኮለ ሰው ሲመጣበት "ውሃ ልርጭልህና ሂድ፤ የኔ ሥራ ለዛሬ ላንተ አይሆንም" ብሎ ይሸኛል እንጂ ከሥራው አያጎድልም።

አሁን ወደ አባ ይመር ልምጣ። አባ ይመር ከውርጌሳ ወደ መርሳ ሲሄዱ መገንጠያው ላይ ካለው ትልቁ ዋርካ በላይ ያለችው መንደር ሰው ናቸው። ቁጡ ገበሬ ነበሩ፤ ቁጣቸው ግን እንደ በልግ ዝናብ ነው፣ ዘንቦ ያባራል። ሙሄ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ሙሄ እርሻ አይሆንለትም። ልቡ መኪና ላይ ነው፤ በሬ ጠምደው ሲጠብቁት እሱ ወንዝ ወርዶ የጭነት መኪና ያጥባል። አንድ ሰኔ፣ የእርሻው ጊዜ እያለፈባቸው፣ አባ ይመር ፈልገው ፈልገው ከአንድ ኤን ሦስት የጭነት መኪና ጎማ ስር አገኙት።

"የሰው መኪና ስታጥብ ልትሞት ነው?" አሉት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። "እንግዲያው የራስህን መኪና ይዘህ እስክትመጣ ፊትህን እንዳላይ! ወላሂ እንዳላይ!"

ሙሄ ከጎማው ስር ወጣ። እጁን በሱሪው ጠረገና ያጠባት መኪና ላይ ወጥቶ ሄደ።

አባ ይመር በሳምንቱ ተጸጸቱ። ቃል ግን ከአፍ ከወጣ አይመለስም፤ ልጁም እንደ ቃሉ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ዋርካው ስር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከአዲስ አበባ በኩል የሚመጣውን መኪና ሁሉ ሲያዩ ይውላሉ። የቆመ እንደሆነ ተነስተው ይጠጉና በጣታቸው ፓራውልቱን፣ የፊት መከላከያውን፣ ጠረግ ያደርጋሉ። ጣታቸው ላይ የቀረውን አቧራ አሸት አሸት እያደረጉ፣ "ይሄ ልጄ ካለበት አገር የመጣ ነው" ይላሉ።

እኔም አፌ አያርፍም፤ "አባ ይመር፣ ይሄ እኮ የሐይቅ አቧራ ነው" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ይሁን" አሉኝ። "ከላይ የሐይቅ ቢሆን ከስሩ የአዲስ አበባው አይጠፋም።"

ሳቅኩ። ኋላ ሳስበው ግን ሳቄ አሳፈረኝ፤ እኔን እንዲህ የናፈቀኝ ሰው በዓለም ላይ የለም።

"ሙሄን ካገኛችሁት ቃሌን አንስቻለሁ፣ ይምጣ በሉት" እያሉ ለሹፌር ሁሉ ይናገሩ ነበር። ሹፌሮቹም ያገኙታል፤ አዲስ አበባ አንድ ላቫጆ ውስጥ ተቀጥሮ፣ ኋላም ታክሲ እየነዳ። መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። "አባቴ በመኪና ና ነው ያለኝ። በአውቶቡስ አልመጣም።" ግትርነቱ ከሰማይ አልወረደም፤ የአባ ይመር ልጅ ነው። ሁለቱም ይነፋፈቃሉ፣ ሁለቱም ይጠባበቃሉ፣ በመካከል ዘመን ይሄዳል።

አንድ ቀን የደሴ ሹፌር መልእክት ሰጠኝ። ሙሄ ፔጆ ገዝቷል፤ ሐሙስ ጧት ይመጣል፤ አባቴ ዋርካው ስር ይጠብቀኝ ብሏል። መልእክቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ። አባ ይመር ያኔ ደረታቸውን ታመው ተኝተው ነበር። ቤተ ዘመድ ደሴ ሐኪም ቤት ሊወስዳቸው ተሰናድቷል። ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው ተቀመጡና፣ "ሐሙስን ሳላይ የትም አልሄድም" አሉ።

ሐሙስ ጧት ደጉ ዘንድ ተራ ይዤ ቆሜያለሁ። አንዲት ፔጆ መጣች። ከደሴ ማልዳ የተነሳች ናት፤ ቀለሟ ጥቁር ይሁን ሰማያዊ አይለይም። የወረደው ሰው ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ቅንድቡ አቧራ ነው። በአባቱ አፍንጫ አወቅኩት።

"ሙሄ!" አልኩት። "እንኳን ለአገርህ አበቃህ! እዚህ ምን ታደርጋለህ? አባትህ እኮ ዋርካው ስር ናቸው፣ እዚህች ቅርብ!"

"አውቃለሁ። ታጥቤ ልድረስ።"

"አመም አድርጓቸዋል፤ ደሴ ሊወስዷቸው ነው" አልኩት።

ፊቱ ጭልም አለ። መኪናዋን አየ፣ መንገዱን አየ። እግሩ ወደ በሩ ሲራመድ አይቻለሁ። ከዚያ ግን ኮፈኑን በእጁ ዳበስ አደረገና መዳፉን ተመለከተ።

"መኪና አጣቢ ብሎ ነው ያባረረኝ" አለ። "አሁን እንዲህ ሆና ቢያያት አባቴ ምን ይላል? የሰው አጥቦ የራሱን አላጠበም አይለኝም?"

ደጉም "ከቸኮልክ ውሃ ልርጭልህና ሂድ" አለው።

"አይሆንም፣ ሙሉውን። ውስጡንም፤ ይሄ የፊቱ ወንበር አባቴ የሚቀመጥበት ነው።"

ተራዬን ለቀቅኩለት። ሌላ ምን ላድርግ?

ደጉ ሥራውን ጀመረ። ሌላ ባለመኪና ቢሆን ጥላ ስር ተቀምጦ ይጠብቃል። ሙሄ ግን በሥራው ያደገ ሰው ነው፤ ዓይኑ ከእድፍ ሌላ አያይም። "እዚህች ቸርኬው ውስጥ ቀርታለች"፣ "ስፖኪዮው ስር ነጠብጣብ አለ" እያለ ይዞራል። ደጉም እንዲህ ያለ አስተዋይ ደንበኛ አጋጥሞት አያውቅምና ደስ ብሎት ደግሞ ይጠርጋል። ሁለቱ ሲመካከሩ ለሠርግ ሙሽራ የሚያሰናዱ ይመስላሉ። ፀሐይዋ ደግሞ መንገዷን ትሄዳለች።

መኪናዋ ታጥባ ገና ሳትደርቅ ከመርሳ በኩል የቀትሩ አውቶቡስ እየበረረ መጣ። አጠገባችን ሲያልፍ ያስነሳው አቧራ እርጥቡ ኮፈን ላይ ሄዶ ልጥፍ አለ።

"አንተ አውሬ!" ብሎ ጮኸ ሙሄ ከኋላው እየሮጠ። "ቀስ ብትል ምናለ! ምን አስቸኮለህ!"

አውቶቡሱ አልሰማውም። ደጉም ሳያጉረመርም እንደገና ከውሃው ጀመረ።

ተጠናቀቀች። አላህ ያውቃል፣ እንደዚያች ያለ መኪና አይቼ አላውቅም። ጥልቅ ሰማያዊ ሆና ወጣች፤ የወንዙ ዳር ዛፍ ኮፈኗ ላይ ይታያል። ወንበሯ ሽታው እንኳ አዲስ ነው። ሙሄ ዞሮ ዞሮ አያትና እንደ ሕፃን ፈገግ አለ። የደጉ ሥራ ለከፈለው ሁሉ ይገባዋል፤ ማንም በዚህ አይከራከረኝም።

የኔ ሚኒባስ ሳይታጠብ ተሳፋሪ ጭኜ ከኋላው ተከተልኩ። እሱ አቧራ እንዳያስነሳ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ተሳፋሪዎቼ "ለቀብር ነው እንዴ የምንሄደው?" እያሉ ያሾፋሉ። ያን ቀልድ ያን ጊዜ አብሬ ሳቅኩለት።

ዋርካው ስር ስንደርስ ድንጋዩ ላይ የተቀመጡት አባ ይመር አይደሉም። ጎረቤታቸው አባ እንድሪስ የአባ ይመርን ምርኩዝ ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። መኪናዋን ሲያዩ ባለሥልጣን መስሏቸው ከመቀመጫቸው ተነሱ።

"አባ እንድሪስ፣ ሙሄ ነኝ። አባቴስ?"

ሽማግሌው መልሰው ቁጭ አሉ።

"አሁን መጣህ ልጄ? በቀትሩ አውቶቡስ ወሰዱት እኮ። ከጧት ጀምሮ ና እንሂድ ስንለው አሻፈረኝ ብሎ፣ በመጨረሻ ትንፋሹ ሲያጥርበት ተሸክመን አስገባነው። መስኮቱ ጋ አስቀምጡኝ አለ። ከሩቅ የመጣ፣ አቧራ የለበሰ መኪና ስታዩ ንገሩኝ፣ ልጄ ነው እያለ ሄደ።"

ሙሄ ወደ መጣንበት መንገድ ዞረ። እኔም ወደ መሬት አየሁ። ሁለታችንም ያ አውቶቡስ እንዴት አድርጎ እንዳለፈን እያሰብን ነበር።

ሙሄ መኪናዋን አዙሮ ሲነሳ ያስነሳው አቧራ ለረጅም ጊዜ አልረጋም። አውቶቡሱን ሐይቅ ሳይገባ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘው። የአውቶቡሱ ረዳት ኋላ እንደነገረኝ፣ አባ ይመር ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው እንዳሉ ነው ሕይወታቸው ያለፈው። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር። ላቫጆውን ሲያልፉ አንዲት የምታብረቀርቅ መኪና አይተዋል፤ "የታደለ ሰው መኪና ናት፣ የቅርብ ሰው ናት" ብለው ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

ሙሄ አባቱን በፔጆዋ ይዞ ወደ ማታ ላይ ተመለሰ። አገሩ በሙሉ ዋርካው ስር ወጥቶ ይጠብቅ ነበር። መኪናዋ ቀለሟ ጠፍቷል፤ የደጉ ሰም፣ የደጉ ድካም፣ ሁሉም አቧራ ስር ነው። ሙሄ ወረደ። ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ከኪሱ ጨርቅ አወጣና አባቱ የሚወርዱበትን በር መጥረግ ጀመረ። ይጠርጋል፣ ያያል፣ ይጠርጋል። አንድም ሰው ተው ለማለት አልደፈረም።

አባ እንድሪስ ቀረቡት።

"ስማኝ ልጄ። አባትህ ከመሄዱ በፊት ቃሉን አንስቷል። እጁን ዘርግቶ መርቆሃል። ስላንተ ሆኜ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ። አብሽር፣ አይዞህ።"

"ንጹሕ ሆኖ እንዲወርድ ነው" አለ ሙሄ፣ እጁ ሳይቆም። "ደስ እንዲለው ነው።"

ሽማግሌው ጨርቁን ከእጁ ቀስ ብለው ወሰዱት፣ አባ ይመር ያደርጉት እንደነበረው በጣታቸው የበሩን አቧራ ጠረግ አድርገው አሸት አሸት አደረጉትና እንዲህ አሉት፤ "ተው ልጄ፤ ናፋቂ አቧራ አይጠየፍም።"