የሁለት መኪና ቅርጫ

በአፋፍ ገበያ አንድ ሰው ጅምሩን ብቻ አይቶ ፍጻሜውን ሳያስብ ሲቀር፣ ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት ቃል አለች። እንግዳ ሰው ሲሰማት የድሮ ፈረሰኞች የተናገሯት ይመስለዋል። አይደለም። ያቺ ቃል የተገኘችው ከሁለት አሮጌ መኪኖች ነው፤ እስክትገኝም ድረስ ብዙ ዝገት ተፍቋል፣ ብዙም ተስቋል።

አፋፍ ገበያ እንደ ስሟ የመንዝ ደጋ አልቆ ገደሉ ከሚጀምርበት ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ምንዳዬ እዚያ ልብስ ሰፊ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሱሪ ሲያሳጥርና ኮት ሲገለብጥ ይውላል፤ ልቡ ግን መኪና ላይ ነው። ሌላው ሰው ከሥራ ሲወጣ ጠላ ቤት ጎራ ይላል፣ ካርታ ይጫወታል፤ ምንዳዬ ብሎን ይፈታል። የሚስቱ የዘለቃሽ ወንድም ላቀውም ይኸው ፍቅር ነበረበት። ላቀው እህል ነጋዴ ነው፤ ቸኩሎ ይገዛል፣ ቸኩሎ ይሸጣል፣ ሲስቅ እንኳ ቀልዱ ሳያልቅ ነው የሚጀምረው።

ሁለቱ ተማክረው ከሐራጅ ሁለት የሞቱ መኪኖች ገዙ። አንድ ዓይነት ናቸው፤ ረጃጅም፣ ባለ አምስት በር፣ አራቱም ጎማቸው የሚጎትት፣ በጉብዝናቸው ዘመን ቀያሾችን ጭነው ተራራ ለተራራ የዞሩ። ሐሳቡ ከሁለት ሬሳ አንዲት ነፍስ ያላት መኪና ማውጣት ነበር። ነገር ግን መኪኖቹ ተጭነው መጥተው ምንዳዬ ግቢ ሲራገፉ፣ ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። አንዱ ለሌላው መሪውን እንደማይለቅ ያን ጊዜ ገባቸው።

«እንግዲህ ለየራሳችን እንሥራ» አለ ላቀው።

«ዕቃውንስ እንዴት እንካፈላለን?»

«እንደ በሬ ነዋ! አያ ሽብሩን እንጥራ።»

አያ ሽብሩ የሰፈሩ ቅርጫ መዳቢ ናቸው። በዓል በመጣ ቁጥር በሬው ሲታረድ ሥጋውን በየመደቡ የሚያደላድሉት እሳቸው ናቸው፤ በሳቸው ምደባ ቅር ተሰኝቶ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው አይታወቅም። መኪኖቹ ተፈታትተው፣ ዘለቃሽ ነጭ ሽንኩርት በምትተክልበት መሬት ላይ ተዘርግተው ጠበቋቸው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፍተው ዙሪያውን ዞሩ።

«በሬ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ለመሆኑ ሽንጡ የቱ ነው?»

ላቀው አንዱን ሞተር በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ይኸው፣ ሽንጥም ታላቅም ይኸ ነው!»

ምንዳዬ ግን እያንዳንዱን ዕቃ እያነሣ አስረዳቸው። አንዱ ሞተር ብርቱ ነው፤ ሌላው ያረጀና ጭስ የሚተፋ። ብርቱው ሞተር የወጣባት መኪና ፍሬኗ አልቋል፣ የፍሬን ሸራው ተበልቶ ብረት ለብረት ይፋቃል። የደካማ ሞተር ባለቤት ለሆነችው ደግሞ የቀድሞ ጌታዋ በአራቱም ጎማ አዲስ የዲስክ ፍሬን አስገብቶላታል። አያ ሽብሩ ሰምተው ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው አመዛዘኑ። ሽንጥ ያለበት መደብ ላይ አጥንት ይጨመራል። ስለዚህ ብርቱውን ሞተር ከአሮጌው ፍሬን፣ ደካማውን ሞተር ከአዲሱ ፍሬን ጋር አደረጉ።

«በሉ፣ ዕጣ ልጣል፤ የየራሳችሁን ምልክት ስጡኝ።»

ምንዳዬ እጁን ኪሱ ከቶ የኮት ቁልፍ አወጣ። ላቀው ግን እጁን ዘረጋና ከለከለው።

«ዕጣ ይቅር! እኔ ሞተሩ ያለበትን ልውሰድ፤ አንተ ደግሞ ከእኔ መደብ የፈለግከውን ምረጥና ጨምር።»

ምንዳዬ ሁለቱን መደቦች አየ። «የፍሬኑን ፖምፓ ለውጠኝ። የአንተ ይሻላል።»

«ፖምፓ? እሱን ነው የለመንከኝ?» ላቀው ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረ። «ስሙልኝ፣ ሞተር ሰጥቼው ፖምፓ ይለምናል! ውሰድ! ቱቦውንም ጨምር!»

«ላቀው፣ ያንተ ፍሬን ያለቀ መሆኑን ግን ልብ በል።»

«ለመቆም ደግሞ ማን ተቸግሮ ያውቃል? ነዳጅ ሲያልቅ ይቆም የለ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ሽብሩ አልሳቁም፤ «ዕጣ ሳይጣል መደብ ሲነሣ ዛሬ አየሁ» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ላቀው ክረምት ሳይገባ መኪናውን አስነሣ። ቢጫ ቀለም ቀባት፣ የጭነት መኪና ጥሩምባ ገጠመላት። ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣውን ዳገት አምስት ሰው ጭኖ በሩጫ ሲወጣ፣ ሴቶች ከበራቸው ወጥተው እልል አሉለት። የምንዳዬ መኪና በዚያ ጊዜ ገና በድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ምንዳዬ አልተቻኮለም። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈቀፈቀ፤ የበሰበሰውን ላሜራ ቆርጦ አዲስ አስበየደ። ባሌስትራውን ቅጠል በቅጠል ፈትቶ ቀባ። የድንኳን ሸራ ገዝቶ ወንበሮቹን በገዛ የስፌት መኪናው ሰፋ፤ በዚህስ ማንም አልሳቀበትም። ዲስኮቹን ግን ደብረ ብርሃን ድረስ በአውቶቡስ ይዞ ሄዶ ቶርኖ ቤት አስላጣቸው፤ አንዱ ሳያምረው ቀርቶ እንደገና ይዞት ሄደ። ሞተሩ በመጨረሻ ሲነሣ ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተንጠለጠለ። መኪናዋ አንድ ክንድ ያህል ተንቀሳቀሰችና ቆመች። ደግሞ ተንቀሳቀሰችና ቆመች። ምንዳዬ ወርዶ ጎማዎቹን ዳሰሰ፣ ገባ፣ አሁንም አንድ ክንድ ሄዶ ቆመ።

«የምንዳዬ መኪና መሄድ ሳትማር መቆም ተማረች!» አለ አንዱ፤ ይህም ቀልድ ከተማውን ዞረ።

ፀረ ዝገት ቀለሙ ቀላ ያለ ስለነበረ መኪናዋን «ዳማ» አሏት፣ እንደ ፈረስ። የስድብ ስም ነበር፤ ምንዳዬ ግን ወደደው።

ዘለቃሽ በዚህ ሁሉ ታግሣለች። ትዕግሥቷ ግን ልክ ነበረው። መሬቷ ላይ ዘይት ፈሶበታል፣ ነጭ ሽንኩርቷን ከገበያ መግዛት ከጀመረች ቆይታለች። በታኅሣሥ አንድ ቀን መሀረቧን አስራ ከመኪናዋ ፊት ቆመች።

«አንተ ሰው፣ ቁርጡን ልንገርህ። አስተርእዮ ማርያም የአገሬ ንግሥ ነው። በዚህች መኪና ወይራ አምባ፣ እናቴ ደጅ ካደረስከኝ፣ ግቢው የእሷ ይሁን። ካላደረስከኝ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ በኪሎ ትሸጣታለህ።»

«በማርያም ስም እሺ» አለ ምንዳዬ።

ወይራ አምባ ከገደሉ ሥር ያለ ቆላ ነው። መንገዱ ጭንቅ በር ይባላል፤ በአንድ ወገን የተፈለጠ ቋጥኝ፣ በሌላው ወገን ሰማይ። ምንዳዬ ይህን መንገድ በእግሩ ሄዶ አይቶታል። ላቀውም በዓሉ ላይ ሊወርድ እንደሚያስብ ሲሰማ፣ ሱቁን ዘግቶ እህል በረንዳ ድረስ ሄደ።

«ላቀው፣ ፍሬንህን ፈትተን እንየው። ሸራ እኔ እገዛለሁ።»

«ልብስ ሰፊ መቼም ሸራ ይወዳል!» አለ ላቀው። «ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን። አሁን ሰው ቀጥሬያለሁ።»

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ምንዳዬ ከመኪናው ሥር ገብቶ ሲያይ፣ አንዱ የፍሬን ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ወዝቷል። ዘለቃሽ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ለእናቷ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ትንሽ ታገሺኝ፣ ይቺን ላጥብቃት።»

«አሁንም?»

«ጠብታ ናት። ግን ጭንቅ በር ነው።»

በዚህ መካከል ጥሩምባው ጮኸ። ላቀው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እህቴ፣ ነይ ግቢ! እሱ በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል!» አላት። ዘለቃሽ ባሏን አየች፤ ከመኪናው ሥር የሚታየው እግሩ ብቻ ነበር። ከንፈሯን ነክሳ ወደ ቢጫዋ መኪና ገባች።

ምንዳዬ የበሩን መዘጋት ሰማ። ሚስቱ በወንድሟ መኪና እናቷ ደጅ ከደረሰች ነገሩ አለቀ፤ ዳማ በኪሎ ትመዘናለች። እጁ ግን አልፈጠነም። መጋጠሚያውን ፈትቶ አዲስ ቀለበት አስገባ፣ አጠበቀ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ ጠብቆ እንደገና በጣቱ ዳሰሰው። ደረቅ ነው። ከዚያ እጁን ታጥቦ ተነሣ። መንገድ ላይ አያ ሽብሩ ነጭ ለብሰው ቆመው አገኛቸው።

«አያ ሽብሩ፣ ላቀው አላሳፈረዎትም?»

«ጠርቶኝ ነበር። ከተማውን ሁለት ጊዜ ሲዞር አይቼ ራሴን አዞረኝ። ገና ጠላ ቤት በር ላይ ሰው እየጫነ ነው።»

ምንዳዬ ሽማግሌውን ከጎኑ አሳፈረና ነዳ፤ ጭንቅ በርም መጀመሪያ የደረሰችው ዳማ ሆነች። ምንዳዬ በአንደኛ ማርሽ አስገባትና በእግረኛ እርምጃ መውረድ ጀመረ። ደካማው ሞተር ያቃስታል። በቅሎ የጫኑ ሰዎች እየተሳሳቁ አለፏቸው።

«ልጄ፣» አሉ አያ ሽብሩ፣ «በዚህ አካሄድ ለማርያም ሳይሆን ለጊዮርጊስ ነው የምንደርሰው።»

ምንዳዬ ፈገግ አለና በዚያው አካሄድ ቀጠለ። እኩሌታውን እንደ ወረዱ ከኋላ ጥሩምባ ተሰማ። ረጅም፣ የማያቋርጥ ጥሩምባ። ሊያልፍ ፈልጎ ነው ብሎ ምንዳዬ ወደ ቋጥኙ ጠጋ ማለት ጀመረ።

«ቆይ» አሉ አያ ሽብሩ ወደ ኋላ ዞረው። «ዘለቃሽ ነጠላዋን በመስኮት ታውለበልባለች። ይህ የዘፈን አይመስለኝም።»

ምንዳዬ በመስተዋቱ አየ። ቢጫዋ መኪና ከጎማዎቿ ጭስ እየወጣ ትንደረደራለች። ላቀው መሪው ላይ አጎንብሷል። «መንገድ ልቀቅ! ፍሬን የለኝም! ልቀቅ!» ይላል። ቢለቅለት ያልፋል። ካለፈ በኋላ ግን ታች ያለው መታጠፊያ ነው፤ መታጠፊያው ደግሞ ግንብም ዛፍም የለውም።

ምንዳዬ መሪውን መለሰና መኪናውን ወደ መንገዱ መካከል አስገባ፤ ግራም ቀኝም ማለፊያ አልተወም።

«ምን እያደረግህ ነው? ሊገጨን ነው እኮ!»

«ይግጨን። አያ ሽብሩ፣ ከፈለጉ ላዘግይልዎና ይውረዱ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ከሚሄድ መኪና የምዘል አንበጣ ነኝ? ንዳ!»

ምንዳዬ ፍሬኑን ለቀቀ። ሽማግሌው በሩን ጨበጡ። ዳማ ፈጠነች፣ ወደ ሁለተኛ ማርሽ አለፈች፣ ገደሉ ከጎን መሮጥ ጀመረ። ቆሞ ቢጠብቀው ሁለቱም እንደሚሰባበሩ ያውቃል፤ እየሸሸ ነው መቀበል ያለበት። በመስተዋቱ ውስጥ ቢጫው እያደገ መጣና መስተዋቱን ሞላው። ነካው። ጀርባቸው ከወንበሩ ተጋጨ፣ ላሜራ ጮኸ፤ ግን እንደ ግፊት እንጂ እንደ ምት አልነበረም። ያን ጊዜ ምንዳዬ እግሩን ፍሬኑ ላይ አሳረፈ፤ አልረገጠም፣ አሳረፈ። ወፍራም ጨርቅ መርፌ ሥር እንደሚያሳልፍ ሰው ጥቂት ጫነ፣ ጥቂት ጨመረ። የሁለት መኪና ክብደትና የስንት ሰው ነፍስ በዚያች እግር ሥር ነበር። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ተፈናጠረ። ዳማ ተንቀጠቀጠች፣ አፏን ወደ ገደሉ ልታዞር ቃጣት፣ መለሳት፤ ጨመረ። መታጠፊያው መጣ፣ ቀረበ፣ ከኮፈኑ ፊት ሰማይ ብቻ ታየ።

ቆሙ።

ከዚያ በሮች ተከፈቱ፣ ሰዎች ወርደው መሬት ሳሙ፣ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ወተፉ። ላቀው መጥቶ የተጨራመተውን የዳማን ኋላ ተመለከተ።

«ገና ከአፋፉ ላይ አፍጥኜ ለቀቅኳት። ስረግጥ ስረግጥ ሸራው ተቃጠለ፤ ማርሹም አልመለስ አለኝ» አለ። ቀጥሎም ምን እንደሚል ጠፍቶት «ሞተሩ ግን ምንም አላለም» አለ።

«ሞተርህን ይድፋው!» አለች ዘለቃሽ። ፊቷ አመድ መስሏል። ድፎ ዳቦዋን ይዛ ወደ ዳማ ሄደች፣ በሩን ከፈተች፣ የሸራው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምንዳዬ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። አላየችውም፤ ወደ ታች ወደ ወይራ አምባ ነው የምታየው።

«ነጭ ሽንኩርቱን ወደ አጥሩ ጥግ አዛውረዋለሁ» አለች። «ንዳ፣ እናቴ ትጠብቀኛለች።»

ምንዳዬ ግን ወዲያው አልነዳም። መጀመሪያ ከሥር ገብቶ ዲስኮቹን አየ፤ ግለዋል፣ ግን ደህና ናቸው። እስኪበርዱ መጠበቅ ነበረበት፤ ዘለቃሽም አሁን «ቶሎ በል» አላለችም።

ላቀው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ይዟል። በኋላ ቀና ብሎ አያ ሽብሩን አየ።

«አያ ሽብሩ፣ ያን ቀን ዕጣ ይጣል ሲሉ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን መደቡ ይደገም ቢባል፣ ለእኔ የትኛውን ያደርጉልኛል?»

ሽማግሌው ወደ ላይ የወረዱበትን ገደል፣ ወደ ታች የቀራቸውን መንገድ ተራ በተራ ተመለከቱ፤ በምርኩዛቸውም የቢጫዋን መኪና የጋለ ጎማ ነካ አደረጉ።

«ልጄ፣ ለአቀበት ጉልበት፣ ለቁልቁለት ልጓም።»