እየተላገ ያለቀው በር

አንድ አናጢ ነበር፤ እርገጤ የሚባል። በአንዲት የደጋ ከተማ ገበያ ዳር ሱቅ ነበረው። የማይዘጋ መስኮት፣ የሚወዛወዝ ወንበር፣ እግሩ የወለቀ አልጋ ያስቸገረው ሁሉ ወደ እርሱ ይሮጣል። እርገጤ የእንጨትን ጠባይ አብጠርጥሮ ያውቃል። ሰው ፊት ግን ፈሪ ነበር፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻም ይኸው ነው።

አንድ ቀን አቶ ደርበው አስጠሩት። አቶ ደርበው የከተማዋ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው እሳቸው ሳሎን ተቀምጦ ነው። ከአባታቸው በወረሱት የጭቃ ቤት ውስጥ የመኝታ ክፍሉ በር አልዘጋ ብሎ አስቸግሯቸው ነበር።

እርገጤ በሩን ከፈት ዘጋ አድርጎ አየው። በሩ ምንም አልሆነም፤ የዘመመው መቃኑ ነው። ወደ ቤቱ ጥግ ሄደና የማዕዘኑን ቋሚ እንጨት ከሥሩ በመሮ ወጋ አደረገው። መሮው ዳቦ የወጋ ይመስል ስምጥ አለ። ምስጥ ጨርሶታል።

"ጋሼ፣ ችግሩ ከበሩ አይደለም" አለ። "ቋሚው ተበልቷል። ጣራውን በባላ ደግፈን፣ ግድግዳውን ከፍተን ካልቀየርነው ይህ ጥግ ይወርዳል።"

ሳሎን ውስጥ እንግዶች ነበሩ። የአቶ ደርበው ፊት ተለዋወጠ።

"አባቴ የሠራውን ቤት ይወርዳል ትለኛለህ? በሩን ላግልኝ አልኩህ እንጂ አሟርትብኝ አልኩህ? ውጣልኝ!"

እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ክፉውን ቀድሞ ያየ ሰው፣ ክፉውን በእጁ ይዞት እንደመጣ ይቆጠራል። እንግዶቹ ወሬውን ይዘው ወጡ፤ እርገጤም "ሟርተኛው አናጢ" ተባለ። ቁም ሳጥን ያዘዘው ሰው ሐሳቡን ቀየረ። ልጃቸውን የሚድሩ ቤተሰቦች "የሙሽራ አልጋማ በሟርተኛ እጅ አይሠራም" ብለው ሌላ ዘንድ ሄዱ። እርገጤ ሱቁ ውስጥ ከመላጊያው ጋር ተፋጦ መዋል ጀመረ። ለልጆቹ የሚያበላው፣ ለቤት ኪራይ የሚከፍለው አጣ፤ እውነት መናገሩ ያተረፈለት ነገር ቢኖር ይህ ነበር።

ክረምት ሲገባ በሩ ባሰበት። ሌላ አናጢ ነካክቶ ስላበላሸው አቶ ደርበው ቂማቸውን ዋጥ አድርገው እርገጤን መልሰው ጠሩት። እርሱም ወደ ጥጉ ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

"ምንም አይደለም ጋሼ፤ እንጨት እኮ ነው። ክረምት ሲሆን እርጥበት ይስብና ያብጣል።"

ውሸት አይደለም፤ እንጨት በክረምት ያብጣል። የዚያ በር በሽታ ግን እሱ አልነበረም። ላገው፤ በሩ ግጥም ብሎ ተዘጋ። አቶ ደርበው ትከሻውን መታ መታ አድርገው "የእጅ ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው!" አሉ። ሱቁ ተመልሶ በሰው ተሞላ።

ከዚያ ወዲህ በሩ እምቢ ባለ ቁጥር እርገጤ ይመጣል። ላዩን ይልጋል፣ ታቹን ይልጋል፣ ማጠፊያውን ያዛውራል፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ደፍኖ ቀለም ይቀባበታል። ጥጉ እየሰመጠ፣ በሩ እያነሰ ሄደ። ሁሉም ደስተኛ ነበር።

የአቶ ደርበው ባለቤት እትዬ ውድነሽ ግን አልተኙም። እግራቸውን ስለሚያማቸው ውለው የሚያድሩት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቀን እርገጤ ሰጋቱራውን ሲጠርግ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠሩት።

"እርገጤ ልጄ፣ ግድግዳው ሲንቋቋ እሰማለሁ። እህቴ ክረምቱን እኔ ዘንድ ክረሚ እያለች ትለምነኛለች። እውነቱን ንገረኝ፤ ቤቱ ደህና ነው?"

እርገጤ አፉን ከፈተ። ሳሎን ውስጥ አቶ ደርበው ሲያስሉ ተሰማ።

"ደህና ነው እትዬ። ቆርቆሮው ነው፤ ሲበርደው ይንጫጫል።"

"ተመስገን" አሉ። "አንተ ካልክማ የትም አልሄድም።"

ነሐሴ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ጥጉ ሰመጠ። መጀመሪያ የመጣው መቃኑ ነበር፤ በሩን ነክሶ ያዘው። እትዬ ውድነሽ ከውስጥ ደበደቡ። አቶ ደርበው ከውጭ በትከሻቸው ገፉ። ያ ስንት ጊዜ የተላገው፣ ያ ሁሉ ሰው ያደነቀው በር አልከፈት አለ። ከዚያ ግድግዳው ከነጣራው እትዬ ውድነሽ ላይ ወረደ።

የሬሳ ሳጥኑን የሠራው እርገጤ ነው። ክዳኑ አንድም ቦታ ሳይላግ ገጠመ።

ከቀብር መልስ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አቶ ደርበው እግር ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። "ጋሼ፣ እኔ ነግሬዎት ነበር" አለ።

አቶ ደርበው ዝቅ ብለው አዩት።

"ነግረኸኝ ነበር፤ አባረርኩህ። ይህን ይዤው እሞታለሁ። ግን እርገጤ፣ እውነቱን ልትነግረኝ የመጣኸው አንዴ ነው፤ ልትልግልኝ የመጣኸው ስንቴ ነው? እኔስ እሺ። እሷ መቼ ሟርተኛ አለችህ?"

እርገጤ ተነሥቶ ከድንኳኑ ወጣ።

እንግዲህ ልብ ያለው ልብ ይበል። ጉድለታችንን የነገረንን ሰው ሟርተኛ ብለን ስናባርር ጉድለቱ እዚያው ይቀራል፤ የሚሄደው የሚነግረን ሰው ብቻ ነው። ተመልሶ ሲመጣም እውነቱን ደጅ ትቶ፣ መላጊያውን ብቻ ይዞ ይገባል። ያወቀውም ቢሆን "አንዴ ተናግሬያለሁ" ብሎ አያመልጥም፤ ዝምታውን ሰው ተማምኖ ይተኛበታልና።

ወዳጄ፣ እርስዎ ቤት ደጋግሞ እየተላገ ያለ በር የለም? ጥጉን እዩ ብሎዎት የነበረውን ሰውስ ምን ብለው ነበር ያባረሩት?