የጋሽ ባንተይርጉ ጎመን

እስቲ ጠጋ በሉ፤ አንድ ሰሃን ጎመን ስንት ደጅ እንዳስጠና ላውጋችሁ።

ልብስ ሰፊው ጋሽ ባንተይርጉ የጣፋጭ ነገር ወዳጅ ነበር። ሻዩን በአራት ማንኪያ ስኳር፣ ምሳውን ፓስታ በለስላሳ፣ ከዚያ የስፌት መኪናው ላይ ድፍት ብሎ እንቅልፍ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄዶ ተመረመረ። ሲስተር ፍቅርአዲስ ውጤቱን አየችና፣ "ጋሽዬ፣ ስኳር በሽታ ገና አልያዘዎትም፤ ደጃፉ ላይ ግን ቆመዋል። ለስላሳውንና ስኳሩን ይተዉ፣ ፓስታውን ይቀንሱ፣ ጎመንና ምስር ያብዙ፣ በእግርዎ ይሂዱ። ከደጃፉ መመለስ ይቻላል" አለችው።

ጋሽ ባንተይርጉ ደነገጠ። ታላቅ ወንድሙ በዚሁ በሽታ አንድ እግሩን ተቆርጧል፤ የስፌት መኪና ደግሞ እግር ይፈልጋል። ቤቱ እንደገባ ሚስቱን አንጓችን፣ "ምሳዬ ጎመን ይሁን" አላት።

"ጎመን ከየት ይምጣ? ገበያው ቅዳሜ ነው። ከእማማ ድንቄ ጓሮ ካመጣህልኝ እቀቅላለሁ።"

ሄደ። ጎረቤቱ እማማ ድንቄ ሸንኮራ አገዳ ዘረጉለት።

"ይቅርብኝ እማማ። ጎመን ፈልጌ ነው። ጎመን ካልመጣ አንጓች አትቀቅልም፣ አንጓች ካልቀቀለች እኔ አልበላም፣ እኔ ካልበላሁ ስኳሬ አይወርድም።"

"የውድነሽ ፍየል ጓሮዬን ጨረሰችው፣ ልጄ። በተረፈው ጎመን ላይ እሾህ ከምሬበታለሁ። ፍየሏ ካልተዘጋባት እሾሁን አላነሳም" አሉት።

ውድነሽ ቤት ሄደ። ውድነሽ ሻይ ቀድታ ስኳር ልትጨምር ስትል እጇን ያዛት።

"ሻዩ ይቆይ፣ ፍየልሽን ዝጊባት። ፍየሏ ካልተዘጋባት እማማ ድንቄ እሾሁን አያነሱም፣ እሾሁ ካልተነሳ ጎመን አይመጣም፣ ጎመን ካልመጣ አንጓች አትቀቅልም፣ አንጓች ካልቀቀለች እኔ አልበላም፣ እኔ ካልበላሁ ስኳሬ አይወርድም።"

"በምን ልዝጋት? በሩ ወልቋል። ባስራት ገመዱን ትበላለች። አናጢው ይስማው በሩን ካልሠራልኝ አልችልም።"

አናጢው ዘንድ ሄደ። ይስማው በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ተከናንቦ ደጁ ላይ ተቀምጧል። "ለስላሳ ልክፈትልህ?" አለው።

ጋሽ ባንተይርጉ ምራቁን ዋጠ። "አልጠጣም። የውድነሽን በር ሥራላት። በሩ ካልተሠራ ፍየሏ አይዘጋባትም፣ ፍየሏ ካልተዘጋባት እማማ ድንቄ እሾሁን አያነሱም፣ እሾሁ ካልተነሳ ጎመን አይመጣም፣ ጎመን ካልመጣ አንጓች አትቀቅልም፣ አንጓች ካልቀቀለች እኔ አልበላም፣ እኔ ካልበላሁ ስኳሬ አይወርድም።"

"በሩንማ በሠራሁት፣ ሱሪ የለኝም።"

"ሱሪህ የት ሄደ?"

"አንተ ዘንድ" አለ ይስማው ረጋ ብሎ። "አንዱ ተቀደደ፣ አንዱ ጠበበ፤ ሁለቱንም አመጣሁልህ። ይኸው ሁለት ሳምንቴ። ከምሳ በኋላ በመጣሁ ቁጥር ተኝተሃል። በጋቢ መጋዝ ልሳብ?"

ጋሽ ባንተይርጉ ሱሪዎቹ ትዝ አሉት። ለካ የስንቱን ሥራ ይዞ ነው የሚያንቀላፋው። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ፓስታ የለ፣ ለስላሳ የለ፣ እንቅልፍም ዝር አላለበትም። በጥድፊያ ተመለሰና የስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠ፤ በሁለቱም እግሮቹ ረገጠው።

ሱሪው ሲሰፋ ይስማው ለበሰ፣ ይስማው ሲለብስ በሩ ተሠራ፣ በሩ ሲሠራ ፍየሏ ተዘጋባት፣ ፍየሏ ሲዘጋባት እሾሁ ተነሳ፣ እሾሁ ሲነሳ ጎመኑ መጣ፣ ጎመኑ ሲመጣ አንጓች ቀቀለች፣ አንጓች ስትቀቅል ጋሽ ባንተይርጉ በላ። ምሳው እራት ሆኖ፣ በገብስ እንጀራ።

ስኳር ግን በአንድ ሰሃን ጎመን አይወርድም። ሦስት ወር ሙሉ ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ሽምብራውን በላ፤ ሰፈሩን በእግሩ ዞረ። ሻዩን ያለ ስኳር ሲጠጣ መጀመሪያ ሰሞን ፊቱን ኮሶ እንደጠጣ ሰው ያጨማድደው ነበር፤ ኋላ ለመደው።

ጤና ጣቢያ ሲመለስ ሲስተር ፍቅርአዲስ ውጤቱን ሁለቴ አየችው።

"ወርዷል፣ ጋሽዬ። ከምን ጀመሩ?"

"ከሱሪ" አላት።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በዳቦ ሳይሆን በገብስ ቆሎ አብሱልኝ።