የተፉትን መላስ

አንዲት አሮጌ መርከብ ነበረች። በደህና ዘመኗ ባሕር እያቋረጠች አገር ስታስስ ኖራ፣ ስታረጅ የወደቡ ገዢ ፊታውራሪ ወንድይራድ መልሕቅ አስጥለው እስር ቤት አደረጓት። አንድ ምላሰኛ ይህን አይቶ ገበያ መሐል፣ «አገር አሳሽ የነበረችው ሰው አሳሪ ሆነች። ለካ ሹመት እንኳን ሰውን እንጨትንም ያበላሻል» አለ። ሳይመሽ እዚያችው መርከብ ላይ ታሰረ።

እስረኞቹ «አንተ ደግሞ እንዴት መጣህ?» ሲሉት፣ «መርከብ የጌቶች ነገር ይመስለኝ ነበር። ምላሴ ዕድሜ ይስጠውና እሱ አሳፈረኝ» ይላቸው ነበር።

ከወራት በኋላ ፊታውራሪ ካባቸውን ደርበው እስረኞቹን ሊጎበኙ መጡ። ደገኛ ናቸውና ከዚያ በፊት መርከብ ረግጠው አያውቁም። ምላሰኛውን በሰው ፊት አቁመው፣ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። እኔ ግን ቸር ነኝ። ያንን የተፋኸውን ቃል መልሰህ ከላስከው ትፈታለህ፤ እምቢ ካልክ ከዚህች መርከብ ጋር ትበሰብሳለህ» አሉት።

እሱ አፉን ሳይከፍት ማዕበል መጥቶ መርከቧን ወዘወዛት። የፊታውራሪ ፊት ዐመድ መሰለ። ወዲያው የበሉትን ሁሉ እዚያው እግራቸው ሥር አስመለሳቸው። እስረኛውም ዘበኛውም መሬት መሬት አየ።

ምላሰኛው ዝቅ ብሎ እጅ ነሣና፣ «ጌታዬ፣ ከምላስ በቀር ምንም የሌለኝ ሰው ነኝ፤ መላስ አያቅተኝም። ግን ያልተማርኩ ነኝና፣ ከአፍ የወጣ ነገር እንዴት ተመልሶ እንደሚላስ አላውቅበትም። እርስዎ ይቅደሙና ያሳዩኝ» አላቸው።